ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ በሕጉ ግን አይደለሁም፦ ደቡብ አፍሪካ አዲስ ለመጣችሁ ስለ ቢኢኢ

ጆበርግ (ጆሃንስበርግ) ገብታችሁ የሐበሻ ነጋዴ በሚበዛበት ጄፒ ሰፈር ቡና መጠጣት ስትጀምሩ፣ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቃል ጆሯችሁ ይገባል። ቢኢኢ። ሱቅ ያለው ያነሳዋል፣ አካውንታንቱ ያነሳዋል፣ ሥራ ፈላጊውም ያነሳዋል። «ብላክ ኢኮኖሚክ ኢምፓወርመንት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም ማሳጠሪያ ነው፤ ጥቁሮችን በኢኮኖሚ ማብቃት ማለት ነው። ምንድን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ «የጥቁሮች ሕግ ነው» ይሏችኋል። እኔንም ያሉኝ እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ ጥቁር ነኝ፣ አፍሪካዊ ነኝ። በቃ የኔ ሕግ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አልነበረም። ይህን የምጽፈው ያቺ ስህተት ስንቱን ሰው ጣጣ ውስጥ እንደምትከት ስላየሁ ነው። ዓመቶቹን የማነሳው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሕጉ የ2003 ነው፤ ቁጥሩ 53። «ጥቁር» ማን እንደሆነ ራሱ ይተረጉማል። አፍሪካውያን፣ ከለርድ የሚባሉት ቅይጥ ዘር ያላቸውና ሕንዶች ናቸው፤ ግን በትውልድ ወይም በዘር ሐረግ የደቡብ አፍሪካ ዜጋ መሆን አለባቸው። አመልክቶ ዜግነት ያገኘ ሰው የሚቆጠረው ከኤፕሪል 27 ቀን 1994 በፊት ካገኘ ነው። ከዚያ በኋላም ከሆነ፣ ቀድሞ ማግኘት ሲገባው አፓርታይድ ከልክሎት የነበረ መሆን አለበት። ያ ቀን ሁሉም ዘር እኩል ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው ምርጫ ቀን ነው።

ስለዚህ የአሳይለም (የጥገኝነት) ወረቀት የያዘ ሐበሻ አይቆጠርም። ፐርማነንት፣ ማለትም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም አይቆጠርም። ዘግይቶ መጥቶ፣ ሃያ ዓመት ኖሮ የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት ያወጣውም አይቆጠርም። በ2008 ደግሞ የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአገሪቱ ነባር ቻይናውያን በሕጉ ይካተታሉ ብሎ ወስኗል፤ እነሱም በአፓርታይድ ዘመን ተበድለዋልና። የጆበርግ ተወላጅ የሆነ ቻይናዊ ይቆጠራል፣ የሆሳዕና ልጅ አይቆጠርም።

መጀመሪያ ሲሰሙት ቅር ያሰኛል። እኔ ግን ዛሬ ትክክል ነው እላለሁ። ሕጉ «ጥቁር» የሚላቸው ሰዎች በገዛ አገራቸው መሬት እንዳይገዙ፣ ከተማ መሀል ሱቅ እንዳይከፍቱ፣ ደህና ደህናውን ሥራ እንዳይሠሩ በሕግ ታግደው ኖረዋል። ሕጉ የዚያ ካሣ ነው። እኛም በዚያ ዘመን የራሳችን መከራ ነበረን፤ ይሄኛው ግን የነሱ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የግል ድርጅት ቢኢኢ ከሌለህ ይዘጋል የሚል ሕግ የለም። ነገር ግን የመንግሥት ጨረታ ወይም አንዳንድ ፈቃድ የሚፈልግ ድርጅት በነጥብ ይመዘናል። ባለቤቱ ማነው? አመራሩ ላይ እነማን አሉ? ማንን ያሠለጥናል? ከማን ይገዛል? ለማኅበረሰቡ ምን ያደርጋል? ከዚያ ከ1 እስከ 8 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1 ምርጡ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው «ከማን ይገዛል» በሚለው በኩል ነው። ትልቁ ድርጅት ነጥብ እንዲያገኝ አቅራቢውን ወረቀት ይጠይቃል፣ አቅራቢው የራሱን አቅራቢ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ ከጄፒ ፎቅ ብርድ ልብስ የምታከፋፍለው እህታችን ጋ ይደርሳል። «የቢኢኢ ሰርተፍኬት ላኪልን» የሚል ኢሜይል።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ዓመታዊ ሽያጫችሁ ከ10 ሚሊዮን ራንድ ካልበለጠ ለመርማሪ ድርጅት መክፈል አያስፈልጋችሁም፤ ቃለ መሐላ ይበቃል። ደረጃችሁም ወዲያው 4 ነው። ባለቤትነቱ ዜሮ በመቶ ጥቁር ቢሆንም 4 ነው! ይሄን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። እንደ ኮንስትራክሽንና ቱሪዝም ያሉ ዘርፎች የራሳቸው መመሪያ ስላላቸው፣ እዚያ ከሆናችሁ መጀመሪያ የዘርፉን አጣሩ። ለተራው ነጋዴ ግን ነገሩ ይሄው ነው።

አንድ ቀን ወዳጄን ይዤው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቃለ መሐላ እዚያ በነፃ ይፈጸማል። ወረፋ ላይ ቆመን ፎርሙን ሲሞላ አየሁት። «በጥቁር ባለቤትነት የተያዘው ስንት በመቶ ነው» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እጁ እንኳን ሳይንቀጠቀጥ «100» ሊጽፍ ነው። ያዝኩት። «ምነው? ነጭ ነኝ እንዴ?» አለኝ። ወደ ላይ መልሼ አሳየሁት። የ«ጥቁር» ትርጉም እዚያው ፎርም ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ታትሟል፤ ያ 1994 የሚለው ቁጥርም አለ። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ «0» ጻፈ። ፖሊሷ እጁን አስነስታ አስማለችው፣ ማኅተሙን መታች። ደረጃ 4። ዕቃውን የሚገዛው ሆቴል ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለው።

«100» ብሎ ቢሆንስ? ደረጃ 1 ይወጣለታል፤ በሐሰት ምሎ። አንዳንድ ደላላ ይህንኑ በገንዘብ ይሸጣል። እኔንም አንዱ «ደረጃ 1 በሁለት ቀን አወጣልሃለሁ» ብሎ ሊያስከፍለኝ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ በነፃ የሚገኘውን፣ ያውም ውሸት ጨምሮበት!

ከዚህ የባሰው ፍሮንቲንግ የሚባለው ነው። ሰው ከፊት አቁሞ ከኋላ መነገድ። የአገሬው ሰው ስም በአክሲዮን መዝገብ ላይ ይገባል፣ በወር ትንሽ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ትርፉንም ውሳኔውንም ሌላው ይይዛል። አንዳንዴ ጽዳት ሠራተኛዋ ዳይሬክተር ተብላ ተመዝግባ ምንም አታውቅም። በ2013 የተሻሻለው ሕግ ይሄን ወንጀል አድርጎታል። እስከ 10 ዓመት እስራት፤ ድርጅት ከሆነ እስከ ዓመታዊ ሽያጩ 10 በመቶ ቅጣት። የተፈረደበት ለ10 ዓመት ከመንግሥት ጋር አይሠራም። ወርቅ የሚመስል ጨረታ ይዞ የሚመጣ ሰው «ስም ብቻ ነው የምንበደረው» ካላችሁ ይሄን አስታውሱ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

ትልልቆቹም ተይዘውበታል። የመንገደኞች ባቡር ድርጅቱ ፕራሳ 70 ሎኮሞቲቮች ለመግዛት የ3.5 ቢሊዮን ራንድ ውል ነበረው። በ2017 ፍርድ ቤት ውሉን ሰረዘው። ከምክንያቶቹ አንዱ ጨረታውን ያሸነፈው የአገር ውስጥ ድርጅት ለውጭ አምራች ሽፋን ሆኖ መገኘቱ ነው።

ተቆጣጣሪው መቀመጫው ፕሪቶሪያ የሆነው የቢኢኢ ኮሚሽን ነው። ጥቆማ ይቀበላል፣ ራሱም ተነስቶ ይመረምራል፣ ወንጀል ያለበትን ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ድርጅቶች እውነተኛ ባለቤታቸውን የድርጅት መዝገብ ቤቱ ሲአይፒሲ ጋ ማስመዝገብ ስላለባቸው፣ ከመጋረጃ ጀርባ መቆም እየከበደ ነው።

ከደቡብ አፍሪካዊ ጋር መሸረክ አይቻልም እያልኩ አይደለም። ይቻላል፣ እኔም እመክራለሁ። ግን ሽርክናው የምር ይሁን። ሰውየው ባንክ ላይ ይፈርም፣ ሂሳቡን ይይ፣ ትርፉን ይውሰድ፣ ሲከስርም አብሮ ይክሰር።

ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኢኢኤ 1 የሚባል ፎርም ይሰጣችኋል። ዘራችሁንና ዜግነታችሁን ይጠይቃል። የውጭ ዜጋ መሆናችሁን በትክክል ሙሉ። ድርጅቱ በሪፖርቱ የውጭ ዜጎችን ለብቻ ነው የሚያሰፍረው። በቢኢኢ ነጥብ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ስማችሁ ባይኖር አትቀየሙ። የመሥራት ፈቃድ እስካላችሁ ድረስ ግን ቢኢኢ ሥራ አይከለክላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ ላላችሁ ነው። «ውጭ አገር ሰው ነህ፣ መነገድ አትችልም» የሚላችሁ ካለ፣ በ2014 ከሊምፖፖ በመጣ ክስ ላይ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ፈቃድ አውጥተው መነገድ ይችላሉ ብሏል። ስፓዛ የሚባሉት የሰፈር ትንንሽ ሱቆች እንዲመዘገቡ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ኖቬምበር 2024 ያወጁት ሕፃናት በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ ነው፤ ያ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚያልቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ቃለ መሐላው የሚያገለግለው 12 ወር ነው። ወዳጄ የማኅተሙን ቀን በማርከር ካርቶን ላይ ጽፎ ከካሽ ማሽኑ በላይ ለጥፎታል። በየዓመቱ አዲስ ፎርም ያትምና ወደዚያው ጣቢያ ይሄዳል። ያችን ክፍት ቦታ ሲደርስባት ዜሮ ይጽፍባታል።