ፍሎራይድ የሚይዝ ሪሴፕተር ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቃሊቲ ተነስታችሁ በሞጆ በኩል ወደ መቂና ዝዋይ ብትወርዱ፣ የብዙ ሰው ጥርስ ቡኒ ሆኖ ታያላችሁ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ስለዚህ ቂሊንጦ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ተማሪ ፍሎራይድን ለይቶ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ሪሴፕተር፣ ማለትም ያዥ ሞለኪውል፣ ልሥራ ቢል አይገርምም። ችግሩ ስክሪኒንጉ ላይ፣ ማለትም ከብዙ ሞለኪውሎች የሚሠራውን ለይቶ ማውጣቱ ላይ ነው።

ቀለም ተቀየረ ብሎ መጨፈር። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ናይትሮ ያለበት ታዮዩሪያ (የተለመደ የሪሴፕተር ዓይነት) ዲ ኤም ኤስ ኦ በሚባል ሶልቨንት (ማሟሚያ) ውስጥ ይሟሟል፣ ቴትራቡቲልአሞኒየም ፍሎራይድ (የፍሎራይድ ጨው) ጠብ ይደረግበታል፣ ቢጫው ወደ ቀይ ይሄዳል። ወዲያው ስልክ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል። ቆይ እስቲ! እንዲህ ባለ ሶልቨንት ውስጥ ፍሎራይድ ኃይለኛ ቤዝ፣ ማለትም ፕሮቶን ነጣቂ ነው። ሪሴፕተሩ ይዞት ሳይሆን፣ እሱ ከናይትሮጅኑ ላይ ፕሮቶን ነጥቆ ሊሆን ይችላል። በፍሎራይድ ፋንታ ሌላ ቤዝ፣ ሃይድሮክሳይድ ጨምሩበት። ያው ቀለም ከመጣ ተጠራጠሩ። የኤን ኤም አር (ሞለኪውልን በማግኔት የሚመረምር መሣሪያ) ወረፋ ከደረሳችሁ ደግሞ በፕሮቶን ስፔክትረሙ ላይ 16 ፒ ፒ ኤም አካባቢ ያለውን እዩ። እዚያ ሦስት ጫፍ ያለው ሲግናል ብቅ ካለ ባይፍሎራይድ (አንድ ፕሮቶን በሁለት ፍሎራይድ መሃል) ነው፤ ፕሮቶኑ ተነጥቋል ማለት ነው።

ውሃውን ለመጨረሻ ማቆየት። ውሃ ፍሎራይድን ከክሎራይድና ከብሮማይድ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፤ ጥቂት ጠብታ ስታክሉ ያ ቀይ ቀለም ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ 80 ማይክሮሞላር ገደማ ማለት ነው። ሪሴፕተሩ በዚህ መጠን፣ ያውም ውሃ ውስጥ መሥራት አለበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ውሃ ይግባበት።

ላይብረሪው (አንድ ላይ የሚፈተሸው የሞለኪውሎች ስብስብ) ሙሉ ነው ብሎ ማሰብ። 20 አሚኖ አሲዶች በሦስት ቦታ ሲቀያየሩ 8,000 ዓይነት ሞለኪውል ይሰጣሉ። ሬዚኑን (ሞለኪውሎቹ የሚሠሩባቸውን ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች) እየከፋፈሉና እየቀላቀሉ ሲሠሩ እያንዳንዷ ፍሬ አንድ ዓይነት ብቻ ትይዛለች። ታዲያ 8,000 ፍሬ ይበቃል? አይበቃም። ዕድሉ የዕጣ ስለሆነ 37 በመቶ ያህሉ ዓይነት ጭራሽ አይገኝም። በ24,000 ፍሬ ግን የሚጎድለው 5 በመቶ ገደማ ነው።

ኮንትሮል (የማነጻጸሪያ ሙከራ) መዝለል። ዒላማችሁ ፍሎራይድ ሳይሆን ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ከሆነና ቀለም ከለጠፋችሁበት፣ የሬዚኑ ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን፣ ራሱ ቀለሙን ሊስበው ይችላል። ባዶ ሬዚን አብራችሁ ንከሩ። ቀለሙንም ያለ ፔፕታይዱ ላይብረሪው ላይ ሞክሩት።

ያገኛችሁትን ፍሬ አምኖ መቀመጥም አለ። ሞለኪውሉን ከሬዚን ውጭ እንደገና ሥሩትና በታይትሬሽን፣ ማለትም ዒላማውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ፣ ለኩት። በሚሊሞላር መጠን የተሠራ የኤን ኤም አር ታይትሬሽን ከ100,000 በላይ የሆነ የመያያዝ ቋሚ (የአያያዙን ጥንካሬ የሚነግር ቁጥር) ካወጣላችሁ ግን ቁጥሩን አትመኑት፤ መጠኑን ቀንሳችሁ በሌላ መንገድ ለኩ።

ከፍሎራይድ ጋር የሚሻማ ተፎካካሪ አዮን ሲመረጥም ብዙ ሰው ክሎራይድና ብሮማይድ ብቻ ይሞክራል። እነሱ ቀላሎቹ ናቸው። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ጨምሩ፤ ፎስፌትና አሲቴትም ይከተሉ።