ምንጣፍ ላይ ሳይገለበጡ መጨረስ፦ ለመጀመሪያ የሪሞት መኪና ውድድር

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሲጠና የሪሞት መኪና ክለቦች ወደ አዳራሽ ይገባሉ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ዙሪያው በዝቅተኛ አጥር ይታጠራል። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ለመወዳደር ያሰባችሁበት ክለብ ሄዳችሁ የትኛውን ጎማ፣ ሞተርና ቦዲ እንደሚፈቅድ ጠይቁ። ብዙ ክለቦች አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ ስለሚፈቅዱ፣ ሳይጠይቁ የገዙት ጎማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ለጀማሪ የሚስማማው 1/10 ቱሪንግ (የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ያለው የአስፋልት መኪና አምሳያ) ነው፦ አራቱም እግሩ የሚነዳ፣ ወርዱ 190 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ባለ 2 ሴል (7.4 ቮልት) ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ የሚጠቀም። ሞተሩ 17.5 ተርን (የሽቦው ጥምጥም ብዛት) ብራሽለስ (ያለ ካርቦን ብሩሽ የሚሠራ) ይሁን፤ የ21.5 ምድብ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። የተርኑ ቁጥር ሲያድግ ሞተሩ ይረጋጋል፤ ጀማሪን ወደ ኋላ የሚያስቀረውም የፍጥነት ማነስ ሳይሆን አጥር መምታት ነው።

የጥርሱን (የማርሹን) ምጣኔ እንዲህ አስሉ፦ የትልቁን ማርሽ ጥርሶች ቁጥር ለትንሹ (ሞተሩ ላይ ላለው) አካፍሉና በመኪናው የውስጥ ምጣኔ (ከትልቁ ማርሽ እስከ ጎማው ባለው) አባዙ። 96 ለ44 ተካፍሎ በ1.9 ሲባዛ 4.15 ገደማ ይመጣል። ለ17.5 ከዚህ ጀምራችሁ 5 ደቂቃ ንዱና የሞተሩን ሙቀት ለኩ። ከ70 ዲግሪ ካለፈ ከትንሹ ማርሽ ሁለት ጥርስ ቀንሱ፤ የጋለ ሞተር ማግኔቱ ስለሚደክም የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ይከዳችኋል።

ከመሬት ያለውን ከፍታ ከ5 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር አድርጉ፤ የምትለኩት ግን ባትሪው ገብቶ፣ የምትወዳደሩበት ጎማ ታስሮ ነው። ቀጥሎ የመኪናውን አፍንጫ መሐል ለመሐል በቢላ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መነሳት አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ሻንሲው (ሁሉም ነገር የሚታሰርበት የመኪናው ወለል) ተጣሟል ማለት ነው፤ ሻንሲውን ከላይ የሚያስረውን ሳህን ብሎኖች አላሉና መኪናውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ መልሳችሁ አጥብቁ። ይህን ሳያዩ ሞላ መቀያየር ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ጠዋት ሰላም የነበረ መኪና ከሰዓት በኋላ ኩርባ ላይ ይገለበጣል። ምክንያቱ ቀኑን ሙሉ የጎማ ብናኝና የጎማ ቅባት (ጎማው ወለሉን እንዲይዝ የሚቀባ ፈሳሽ) ምንጣፉ ላይ ስለሚከማች ነው፤ ጎማው መንሸራተቱን ትቶ ወለሉን ይነክሳል፣ መኪናውም በጎኑ ይነሳል። መፍትሔውን በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፦

1. ቅባቱን የፊት ጎማ ላይ ከውስጥ በኩል ግማሹን ብቻ ቀቡ።
2. የመሪውን መታጠፍ ሪሞቱ ላይ ከ100 ወደ 85 በመቶ አውርዱ።
3. ከፍታውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቀንሱ፤ የክለቡን ዝቅተኛ ወሰን ግን አትለፉ።
4. ደንቡ ከፈቀደ የፊት ጎማውን የውጭ ጎን በስሱ ሱፐር ግሉ ቀቡ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ምንጣፍ ላይ አታውጡት።

ባትሪውን በ1 ሲ (ከባትሪው አቅም ጋር እኩል በሆነ አምፒር) ቻርጅ አድርጉ፤ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ በ5 አምፒር። ጣሪያው 8.40 ቮልት ነው፤ ከውድድር በፊት ይለካል። ቻርጅ ሲደረግ እሳት በሚከላከል ከረጢት ውስጥ ይሁን፣ አጠገቡም ሰው አይጥፋ። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አለቀ። ማታ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ስታበሩ ሪሞቱ ይቅደም፣ ስታጠፉ መኪናው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ መኪናው በራሱ ፈትልኮ ሰው እግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዙር ቆጣሪው ትራንስፖንደር (መኪናው ላይ ታስሮ ምልክት የሚልከው ትንሽ መሣሪያ) መሥራቱንም ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ እሱ ካልሠራ የነዳችሁት ዙር አይቆጠርም። ማጣሪያው ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ ሲሆን፣ በውጤቱ ተደልድላችሁ ፍጻሜውን ከእኩዮቻችሁ ጋር ትነዳላችሁ። ዙር የሚደርብባችሁ ፈጣን መኪና ሲመጣ ቀጥታው ላይ ድንገት ፍጥነት አትቀንሱ፣ ከኋላ ትመታላችሁ፤ ኩርባው ላይ ትንሽ ሰፋ ብላችሁ ውስጡን ስጡት።

ውድድራችሁ እንዳለቀ መኪናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ወደ ተመደባችሁበት ኩርባ ሂዱ፤ የቀጣዮቹን የተገለበጠ መኪና የምታነሱት እናንተ ናችሁ። የቀረ ሰው በብዙ ክለብ ምርጥ ውጤቱ ይሰረዝበታል። ከማንሳታችሁ በፊት የሚመጣውን መኪና እዩ፣ ከዚያ አንሱ።