«በርቷል» ሲባሉ ማመን፦ የኮምፒውተር መነሳትን ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ጠዋት ሸዋ ሮቢት ካለ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ እምቢ አለ።»

«ኮምፒውተሩ በርቷል?»

«በርቷል፤ ይጮኻል እኮ።»

«ስክሪኑስ?»

«እሱም በርቷል።»

ከበራማ ችግሩ ፕሮግራሙ ጋ ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በስልክ ኬብል አስነቀልኳት፣ መልሼ አስሰካኋት። አልሆነም። ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፌ ቆላ ወርጄ ስደርስ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀንና ሰዓት መጥፋቱን የሚናገር ጽሑፍ ተገትሮ ጠበቀኝ፤ ለመቀጠል ኤፍ1ን ተጫን ይላል። ተጫንኩት፤ ዊንዶውስ ተነሳ። ልጅቷ የተጠየቀችውን በትክክል መልሳለች። መጠየቅ ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ይኸው ነው፦ መብራትንና ድምፅን ማስረጃ አድርጎ መያዝ። ኮምፒውተር ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ በአዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሚሞሪውን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን ይፈትሽና ቡትሎደሩን፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ከዲስክ ይጠራል። ቡትሎደሩ ከርነሉን፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ሚሞሪ ላይ ይጭናል፤ ከርነሉ ድራይቨሮቹን ይዞ ይነሳል፤ ቀጥሎ ከጀርባ የሚሠሩት ፕሮግራሞች፣ ሰርቪሶቹ፣ ይከተላሉ፤ የፓስወርዱ ገጽም ይመጣል። ፋኑ ግን ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጀምሮ ይዞራል። የአምራቹ አርማም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ገና ከዲስክ ሳይነሳ ይታያል። ስለዚህ አሁን «በርቷል ወይ?» ማለት ትቻለሁ፤ «ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ» እላለሁ፣ ከተቻለም ፎቶ አስልካለሁ። የሸዋ ሮቢቱን ኮምፒውተር አስቁሞት የነበረው ያለቀ ባትሪ ነው፤ ሲአር2032 የምትባለው፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው ክብ የ3 ቮልት ባትሪ።

ሁለተኛው ስህተት የእኛ የቴክኒሻኖች ነው፦ ፒንግ መለሰ ብሎ እፎይ ማለት። ፒንግ ማሽኑን በኔትወርክ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለፒንግ መልስ ለመስጠት ከርነሉና የኔትወርክ ካርዱ መነሳታቸው ብቻ ይበቃል። ዳታቤዙ ወድቆ፣ የሰው ሥራ ቆሞም ፒንግ ይመልሳል። ዊንዶውስ ላይ ዘግይተው እንዲነሱ የተደረጉ አውቶማቲክ ሰርቪሶች አሉ፤ ካልተቀየረ በቀር ከሌሎቹ 2 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ በዚያች መሃል የሞከረ ሰው «አይሠራም» ብሎ ይደውላል። በሊኑክስ ሰርቪሶቹን የሚያስነሳውን ሲስተምዲን ስለ አጠቃላይ ሁኔታው ብትጠይቁት «ረኒንግ» ወይም «ዲግሬድድ» ይላችኋል። ዲግሬድድ ካለ ማሽኑ ተነስቷል፣ ግን ቢያንስ አንድ ነገር ሳይነሳ ቀርቷል፤ ብዙ ሰው ይህን ቃል አይቶ ያልፈዋል። በግልባጩም ይሳሳታሉ፦ የዊንዶውስ ፋየርዎል ካልተፈቀደለት ፒንግን ስለሚያግድ፣ ደህና የሚሠራ ማሽን የሞተ ሊመስል ይችላል። እኔ ሠራተኛው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ከፍቼ አንድ መዝገብ ካላወጣሁ «ተነሳ» አልልም።

ሦስተኛው፣ በታስክ ማናጀር አፕ ታይም (ማሽኑ ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ) መመካት። በየማታው የሚዘጋ ኮምፒውተር «19 ቀን ሳልጠፋ ቆይቻለሁ» ሲል አይታችሁ ይሆናል። አልዋሸም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ፤ ሻት ዳውን ስትሉት ከርነሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይነሳም። እውነተኛ መነሳት መፈተሽ ከፈለጋችሁ ሪስታርት አድርጉት፤ ወይም ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን በሉት።

የኢቨንት ቪወር፣ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት መዝገብ ማሳያ፣ ቁጥሮችም ያሳስታሉ። 6005ን አይቶ «ሲስተሙ ተነስቷል» የሚል አለ፤ ቁጥሩ የሚናገረው መዝገብ ጸሐፊው ሥራ መጀመሩን ብቻ ነው። 6006 በሥርዓት መዘጋቱን፣ 6008 ድንገት መጥፋቱን ያሳያል። 41 ደግሞ ሳይዘጋ ዳግም መነሳቱን ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን ብቻውን አይነግራችሁም። እዚህ ላይ የሚስተው ነገር፣ 41 እና 6008 የሚጻፉት ማሽኑ ተመልሶ ከተነሳ በኋላ መሆኑ ነው። የሞተ ማሽን መቼም መሞቱን አይጽፍም። የተመዘገበበት ሰዓት የመነሻው ነው፤ የጠፋበትን ሰዓት ከፈለጋችሁ 6008 ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ስለ ሰዓት ካነሳን የእኛው ጉድ አለ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠፋ» ይላችኋል፤ መዝገቡ ላይ 02:00ን ፈልጋችሁ ባዶ ታገኛላችሁ። የሰውየው ሁለት ሰዓት በዊንዶውስ 08:00 ነው፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) የተተወ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ደግሞ 05:00። ባትሪዋ ያለቀች ማሽን ስትሆን ቀኑ ራሱ የውሸት ስለሚሆን፣ በቀን ሳይሆን በመዝገቡ ተራ ቁጥር ነው መከተል።

አሁን ወደ ትልቁ፣ ወደ መብራት። ዊንዶውስ 10 ሁለት ጊዜ በተከታታይ መነሳት ካቃተው፣ ወይም በተነሳ በ2 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ድንገት ከጠፋ፣ በራሱ ወደ ጥገና ገጽ ይገባል። መብራት ጠዋት መጣ ሄደ በሚልበት አገር ይህን ማሟላት ቀላል ነው። ያን ሰማያዊ ገጽ ያየ ሰው ዲስኩ ሞተ ብሎ ይደነግጣል፤ ጎረቤት ያለው ባለሙያም የታወቀውን መድኃኒት ያዛል፦ ፎርማት! የስንት ሰው ፋይል እንደዚህ እንደጠፋ እግዜር ይቁጠረው። መብራቱ እስኪረጋ ጠብቃችሁ፣ ገጹ ላይ ወደ ዊንዶውስ ቀጥል የሚለውን መጀመሪያ ሞክሩ። ባዮስ ውስጥ ኃይል ሲመለስ በራሱ ይነሳ የሚል ምርጫም አለ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ለሌለው ማሽን እዘጋዋለሁ፤ ሰው ለማይገባበት የሰርቨር ክፍል ግን፣ ዩፒኤስ ካለ፣ እከፍተዋለሁ።

የመጨረሻው፣ «ካልተነሳ መልእክት ይላክልኝ» ብሎ መጠበቅ። ያልተነሳ ማሽን ምን ብሎ ይልካል? እኔ ሦስት ማሽኖችን ሰርቪሶቻቸው ከተነሱ በኋላ በየጠዋቱ አጭር የቴሌግራም መልእክት እንዲልኩ አድርጌያለሁ፤ የምከታተለው ያልመጣውን ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ አንዱ ዝም ካለ ስልክ አነሳለሁ።

«እህቴ፣ እንዴት አደርሽ? መብራት አለ?»