የገጠር ቀበሌ ፕሮፋይል እንዴት ይሰራል? ከኢንዶኔዥያ ዴሳ እስከ ጅማ ቀበሌ

ጅማ ዞን፣ ጎማ ወይ ማና ወይ ጌራ ወረዳ ውስጥ አንድ ቀበሌ ወርዳችሁ ፕሮፋይል (የቀበሌውን ሰውና ኑሮ ሚያሳይ ጽሁፍ) ስሩ ከተባላችሁ መጀመሪያ ምትሰሩትን ስህተት ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ እኔም ሰርቼዋለሁ። ቀበሌ ጽ/ቤት ገብቶ ፋይል ገልብጦ መውጣት። ይሄን ያህል አባወራ፣ ይሄን ያህል ሄክታር፣ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አለቀ። የኔ የመጀመሪያው ስምንት ገጽ ነበር፣ በሰንጠረዥ በሰንጠረዥ አሳምሬዋለሁ፣ አንድ ጓደኛዬ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ "እሺ፣ ሰዎቹ ሐምሌ ላይ ምንድነው ሚበሉት?" ሲለኝ ዝም አልኩ። ስምንት ገጽ ውስጥ የለም።

ነገሩ ቆይቶ የገባኝ ስለ ኢንዶኔዥያ ገጠር ማንበብ ስጀምር ነው። እዛ የገጠር መንደር ዴሳ ይባላል፣ ከ74 ሺ በላይ አሉ፣ ፕሮፋይል ማዘጋጀት ደግሞ በደንብ የታዘዘ ስራ ነው (እ.ኤ.አ. በ2007 የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ያወጣው ቁጥር 12 ደንብ አለ)። በ2014 የዴሳ ህግ ወጣ፣ ከ2015 ጀምሮ ዳና ዴሳ ሚባል ገንዘብ ከማእከላዊ መንግስት በጀት ለየመንደሩ ይመደባል፣ ስለዚህ መንደሩ ምን እንዳለውና ምን እንደጎደለው መጻፍ ብር ያለበት ጉዳይ ሆነ። ብዙ ቦታ የአመቱን በጀት በትልቅ ባነር አሳትመው ጽ/ቤቱ ደጅ ላይ ይሰቅሉታል፣ ሚያልፍ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ወደዚህ ባነር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ጃቫ ሚባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት ላይ የድሮ ገበሬዎች ፕራናታ ማንግሳ ሚሉት የወቅት አቆጣጠር አላቸው፣ አመቱ እኩል ባልሆኑ 12 ወቅቶች ተከፍሎ እያንዳንዱ ምልክት አለው፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ነፋስ ሲዞር፣ ነፍሳት ሲጮሁ ምናምን። ከመኸር በፊት ያለችውን የችግር ጊዜ ደግሞ ፓቸክሊክ ይሏታል። ይሄን ሳነብ በቃ የኔ ፕሮፋይል ምን እንደጎደለው ታየኝ፣ አመቱ የለበትም።

ስለዚህ ከቁጥር በፊት ከወር ጀምሩ። ሁለት ሶስት ሽማግሌዎችና ለብቻቸው ደግሞ ሁለት ሶስት ሴቶች (አንድ ላይ ካስቀመጣችኋቸው ሴቶቹ አይናገሩም፣ ሞክሬዋለሁ) ይዛችሁ መሬት ላይ በእንጨት 12 ወር አስምሩና ከመስከረም ጀምራችሁ ጠይቁ፣ በዚህ ወር ምን ይሰራል፣ ምን ይበላል፣ ብር ከየት ይመጣል፣ ብር ወዴት ይሄዳል። ኦሮምኛ ማትችሉ ከሆነ ሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የወቅቶቹንም ስም በራሳቸው አጠራር ጻፉት፣ ብራ፣ ቦና፣ አርፋሳ፣ ገና (የልደቱ ገና እንዳይመስላችሁ፣ ክረምት ማለት ነው)።

እኛ ጋ ጅማ ምን ይወጣል መሰላችሁ፣ ቀይ ቡና ጥቅምት ህዳር ታህሳስ ላይ ይለቀምና ብሩ በአንዴ ይመጣል። ያኔ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሰርግ ይደገሳል፣ እዳ ይከፈላል። ከዛ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ጎተራውም ኪሱም ባዶ፣ እሸት በቆሎ እስኪደርስ። በዚህች ጊዜ ነው የቸገረው ሰው ቡናው ገና ዛፍ ላይ እያለ በርካሽ ሚሸጠው፣ ይሄንን የቀበሌ ፋይል አይነግራችሁም፣ ሰውየውም በመጀመሪያ ቀን አይነግራችሁም።

አሁን ይሄን ከሱማትራ፣ ከሌላኛው የኢንዶኔዥያ ደሴት ጋር አስተያዩት። ጋዮ ሚባል ደጋ አገር አለ፣ አቼ ውስጥ፣ ታኬንጎን ከተማ ዙሪያ፣ ልክ እንደኛ ትናንሽ የአረቢካ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ቡና መጀመሪያ ደቾች (ሆላንዶች) እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ ጃቫ ላይ ያስገቡት ነው፣ የዘር ሀረጉ ዞሮ ዞሮ ከኛ አገር ነው እንግዲህ (ከዛ ዝርያዎች መካከል አቢሲኒያ ተብለው ሚጠሩም አሉ፣ ደስ ይላል አይደል)። ግን እዛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ዝናቡ ይበተናል፣ ቡናው ደጋግሞ ያብባል፣ ለቀማውም ለብዙ ወራት ይዘልቃል፣ ስለዚህ ብር ትንሽ ትንሽ እያለ ይመጣል። ያው ቡና፣ ያው ትንሽ ማሳ፣ አመቱ ግን ሌላ። ሁለቱን "ቡና አምራች መንደር" ብላችሁ ብቻ ብታልፉ ምንም አልጻፋችሁም ማለት ነው።

መለኪያ ላይ ደሞ ተጠንቀቁ። አንዱ "ሃያ ፈረሱላ አገኘሁ" ይላችኋል፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ እሺ፣ ግን የምኑ ፈረሱላ? እሸት ነው፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ነው፣ የተፈለፈለ ነው? ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ነው አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ሚወጣው፣ ጀንፈል ከሆነ ወደ 2 ኪሎ። ይሄን ሳትጠይቁ ከደመራችሁ አንዱ ገበሬ ከጎረቤቱ ሶስት እጥፍ ሀብታም ሆኖ ይወጣል፣ ልዩነቱ ግን አንዱ እሸት ሌላው ጀንፈል መቁጠሩ ነው። አባወራ ቆጠራ ላይም ያው፣ ሁለት ሚስት ያለው ሰው ቤት አንድ ነው ሁለት? ሁለት ጎጆ ሁለት ምድጃ ካለ እኔ ሁለት ነው ምቆጥረው፣ ዋናው እንዴት እንደቆጠራችሁ መጻፋችሁ ነው።

የመሬት ስፋት በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ። ግብር ነው ወይ ልትከልሉት ነው ብሎ ሰው ይሸሻል፣ ቢነግራችሁም አሳንሶ ነው። ገቢንም በብር አትጠይቁ። ሃያ ፍሬ ቡና እጁ ላይ አድርጉለትና "አባ፣ ያመቱ ገቢዎ ይሄ ነው እንበል፣ ስንቱ ከቡና ስንቱ ከጫት ስንቱ ከበቆሎ ነው?" በሉት፣ መሬት ላይ ራሱ ይከፋፍለዋል። አንዴ አንድ ሽማግሌ አስራ አንዱን ጫት ላይ ሲያስቀምጡ ልጃቸው ከኋላ "አባዬ አስራ ሶስት ነው እንጂ" ብሎ ሁለት አንስቶ ጨመረ፣ ከዛ አባትና ልጅ ሲከራከሩ እኔ ዝም ብዬ መጻፍ። ቡናው ተነቅሎ ጫት ሲተካ ቤት ውስጥ ያለውን ክርክር በነጻ ሰማሁት።

ጥዋት ሂዱ፣ አርብ እኩለ ቀን ላይ ጁምአ ስለሆነ ሰው አታገኙም። ለቀማ ወቅት ደግሞ ቤት ሚገኘው ህጻንና ሽማግሌ ነው። ክረምት ከሆነ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፣ ባጃጅ ማይገባበት ብዙ ቦታ አለ፣ ሞተር ታገኙ ይሆናል።

ከላይኛው የጫካ ጠርዝ እስከ ታችኛው ወንዝ ድረስ አንድ ሰው ይዛችሁ በእግር ውረዱ። ጥላ ዛፉ ዋንዛ ነው ብሳና ነው፣ ቀፎ ተሰቅሏል ወይ፣ እንሰት ከቤት ጀርባ አለ ወይ፣ ውሃ ሚቀዳው ማን ነው ስንት ደቂቃ ይፈጃል። ይሄን በጽሁፍ ብቻ ሳይሆን በንድፍም አስቀምጡት።

ስለ ማህበር ስትጠይቁ "ማህበር አላችሁ?" ብትሉ የህብረት ስራውን ብቻ ይነግሯችኋል። እድር ስትሉ፣ እቁብ ስትሉ፣ ደቦ ስትሉ ነው በሩ ሚከፈተው። ኢንዶኔዥያ ላይም ያው ነው፣ አሪሳን ሚሉት ቁርጥ የኛ እቁብ ነው፣ በዙር እጣ ወጥቶ ሚበላ፣ በብዛት ሴቶች ይጥሉታል፣ ጎቶንግ ሮዮንግ ደግሞ ደቦ በሉት፣ መንገድ ሲጠገን ቤት ሲሰራ ሰው ሁሉ ሚወጣበት። በየወሩ ህጻናት ሚመዘኑበት ፖስያንዱም አላቸው፣ እኛ ጋ የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቁ፣ የቀበሌውን እያንዳንዱን ቤት ከሊቀመንበሩ በላይ እሷ ናት ምታውቀው።

የሰው ስም፣ ስልክ፣ ማን እዳ እንዳለበት አትጻፉ። ትንሽ ቀበሌ ውስጥ "ሶስት ሚስት ያለው የወፍጮ ባለቤት" ካላችሁ ስሙን ጻፋችሁት ማለት ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ተመልሳችሁ ሂዱና በኦሮምኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ቡና ተፈልቶ ሰው ተሰብስቦ። ሚያርሙትን አርሙ፣ በተለይ የወሮቹን ሰንጠረዥ፣ እኔ ጋ ሁለት ወር ሙሉ ተሳስቼ ነበር። ከዛ ያንን የ12 ወር ሰንጠረዥ ብቻ በትልቅ ወረቀት አሳትሙና ልክ እንደ ዴሳው ባነር ጽ/ቤቱ ደጅ ላይ እንዲለጠፍ ሊቀመንበሩን ጠይቁ፣ ፕላስቲክ አልብሱት፣ አለዚያ የጅማ ዝናብ በሳምንቱ ያወርደዋል።