የመጠጥና የምግብ ፍላጎት ጥናት ላይ ስትሳተፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ መጠጥ ልማድና ስለ ምግብ ፍላጎት የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያለ ፈቃደኛ ሰው የትም አይደርሱም። ከአይጥ ብዙ ነገር መማር ይቻላል፤ አይጥ ግን አርብ ማታ ለምን ሦስተኛ ብርጭቆ እንዳስደገመች አትናገርም። ስለዚህ ማስታወቂያ ያወጣሉ፣ ሰው ይመዘገባል።

የሚመዘገበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅን ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ከቅንነቱ ነው። ጥናት የሚያበላሸው ውሸታም ብቻ አይደለም። ተመራማሪውን ደስ ለማሰኘት፣ ጨዋ ሆኖ ለመታየት፣ «ጎበዝ ተሳታፊ» ለመባል የሚጣጣር ሰውም እኩል ያበላሻል። የሚፈለገው እኮ እንደወትሮው የሚበላና እንደወትሮው የሚጠጣ ሰው ነው።

ፎርሙን ሳያነቡ መፈረም

የስምምነት ፎርም ረጅም ነው፣ ያሰለቻል። ቢሆንም አንብቡት። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ድንጋጌም ሆነ በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሰውየውን ፈቃድ እንዲይዝ ያዛሉ። ፈቃድ ደግሞ የሚሆነው የምትፈቅዱትን ስታውቁ ነው። ምን እንደሚደረግ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ መረጃችሁን ማን እንደሚያየው መጻፍ አለበት። ጥናቱን የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዳጸደቀውም ጠይቁ። መልስ ከሌለ ተነስታችሁ ውጡ።

በተለይ አንድ ነገር ፈልጉበት፦ አልኮል ይሰጣችኋል ወይስ አይሰጣችሁም? አንዳንዱ ጥናት ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ክፍሉን ባር አስመስሎ፣ ለክብደታችሁ የተመጠነ መጠጥ ያቀርባል። እንዲህ ከሆነ ሲያልቅ ወዲያው አትለቀቁም። በትንፋሽ መለኪያ እየታየ፣ አልኮሉ እስኪወርድ ትቆያላችሁ። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን አያፈጥነውም። ስለዚህ መኪና ይዞ መምጣት አይሆንም። «ከዚያ በቀጥታ ስብሰባ እገባለሁ» ማለትም እንደዚያው።

ለመግባት ሲሉ ሕመምን መደበቅ

ከምዝገባ በፊት የጤና ጥያቄ ይቀርባል። እርግዝና፣ ማጥባት፣ የጉበት ሕመም፣ ስኳር፣ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት መድኃኒት፣ የምግብ አለርጂ፣ ከመጠጥ ሱስ ጋር የነበረ ትግል። ክፍያው እንዳያመልጠው ብሎ ሁሉንም «የለም» እያለ የሚያልፍ ሰው አለ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አልኮል ሲጠጣ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የእንቅልፍ መድኃኒትና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ።

ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም የነበረበት ሰውም ይህን ጥያቄ አቅልሎ ማየት የለበትም። የበላችሁት በግራም የሚመዘንበት፣ ረሃባችሁ በየሰዓቱ የሚጠየቅበት ቀን የዳነ ቁስል ሊነካ ይችላል። ከጥናቱ ውጪ ተደረጋችሁ ማለት ተንቃችሁ ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ «እኔ አልጠጣም፣ ምን አደርግላቸዋለሁ» ብላችሁ አትቅሩ። የማይጠጡ ሰዎችን ለማነጻጸሪያ የሚፈልግ ጥናት ብዙ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ጠባይ ማሳመር

ቀጠሮ ሲቀርብ ሳምንቱን ሙሉ መጠጥ ማቆም፣ ምግብ መቀነስ፣ ድንገት ስፖርት መጀመር። በዚህ መንገድ ወደ ክፍሉ የሚገባው ሰው እናንተ ሳትሆኑ በይሉኝታ የተሠራ ሌላ ሰው ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ማቆሙ ደግሞ ለራሱም አደገኛ ነው። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ሲብስም የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ማቆም ከፈለገ ከሐኪም ጋር ይነጋገር።

መመሪያ ከተሰጣችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። «ከመምጣታችሁ በፊት ለሦስት ሰዓት አትብሉ» ከተባላችሁ ሦስት ሰዓት ነው። ረሃብ ብዙ ጊዜ የሚለካው በአንድ መስመር ላይ ምልክት በማድረግ ነው፤ አንዱ ጫፍ «ምንም አልራበኝም»፣ ሌላው ጫፍ «ከዚህ በላይ ሊርበኝ አይችልም»። መንገድ ላይ አንድ ብስኩት ያነሳ ሰው ምልክቱ ይሸሻል። ከበላችሁ ንገሯቸው። ሌላ ቀን ይቀጥሯችኋል፣ በቃ።

ብርጭቆን በዓይን መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በብዙ አገሮች ሰዎች በመጠይቅ ላይ «ጠጣሁ» ያሉት ሲደመር ከተሸጠው መጠጥ በጣም ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ገደማ ቢሆን ነው። ከፊሉ ይሉኝታ ነው። ከፊሉ ግን የእውነት አለማወቅ ነው።

ተመራማሪዎች የሚቆጥሩት ብርጭቆ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ንጹህ አልኮል ነው። ለዚህም «መደበኛ መጠጥ» የሚባል ልኬት አላቸው። ልኬቱ ከአገር አገር ይለያያል፦ በብሪታንያ 8 ግራም፣ በአውስትራሊያ 10፣ በአሜሪካ 14። ስለዚህ «ሁለት» ብቻ ብሎ መመለስ ምንም አይነግራቸውም። በየትኛው ልኬት እንደሚቆጥሩ መጀመሪያ ጠይቁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የመጠጡን ሚሊ ሊትር በአልኮል መቶኛው (5 በመቶ ከሆነ በ0.05)፣ ከዚያ አንድ ሚሊ ሊትር አልኮል በግራም በሚመዝነው በ0.789 ማባዛት ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ይሆናል። 150 ሚሊ ሊትር የሆነ 12 በመቶ ወይን ደግሞ 14 ግራም አካባቢ ነው። ግን ቤት ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ለክቶ የሚቀዳ ማን አለ? ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የምትጠጡበትን ብርጭቆ አንሱ፣ መጠጥ እንደምትቀዱ አድርጋችሁ እስከለመዳችሁት ድረስ ውሃ ቅዱበት፣ ከዚያ ውሃውን መስመር ባለው መለኪያ ላይ ገልብጡት። 200 ወይም 250 ቢመጣ አትደንግጡ። በተለይ ሰፊና ዝቅ ያለ ብርጭቆ ያታልላል።

ሌላው ችግር አማካይ መውሰድ ነው። «በሳምንት አምስት» ያለ ሰው በአምስት ቀን አንድ አንድ ጠጥቶ ይሆናል። ቅዳሜ ማታ አምስቱንም አንድ ላይ ጠጥቶም ይሆናል። ለሰውነትም ለጥናቱም ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም። ለዚህ ነው አንዳንድ ጠያቂዎች የቀን መቁጠሪያ ዘርግተው ቀን በቀን ወደኋላ የሚያስቆጥሯችሁ። የደመወዝ ቀን፣ ሰርግ፣ ልደት፣ በዓል፣ ኳስ የታየበት ማታ ... እነዚህን መጀመሪያ ምልክት አድርጉ። በመካከል ያሉት ቀናት ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይመጣሉ።

የሳምንቱን ማስታወሻ በአንድ ቁጭታ መሙላት

ብዙ ጥናት ወደ ቤት የሚሸኛችሁ ማስታወሻ አስይዞ ነው፤ ምን ጠጣችሁ፣ ምን በላችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ። ሰው ይረሳል፣ ከዚያ የተመራማሪው በር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰባቱንም ቀን ይሞላል። አይታወቅም ብሎ ነው።

ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የወረቀት ማስታወሻ ደብተር ሰጠ። ደብተሩ ውስጥ ግን ሲከፈት ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ተደብቆ ነበር። በወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ከሆነ ሰዎቹ 90 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተዋል። መሣሪያው የመሰከረው 11 በመቶ ብቻ ነው። ደብተሩ ጨርሶ ባልተከፈተባቸው ቀናት እንኳ ፎርሙ ሞልቶ ተገኝቷል። ዛሬ ሥራው በስልክ ሆኗል፤ የሞላችሁበት ሰዓት ከመልሱ ጋር አብሮ ይመዘገባል።

የረሳችሁትን ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ የለመደው ነገር ነው። የፈጠራ ቁጥር ግን ከእውነተኛው ተለይቶ አይወጣም።

«ምን ፈልገው ነው?» ብሎ መገመትና እንደዚያ መሆን

እንዲህ ይሆናል እንበል። አንድ ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ። ፊት ለፊት ሦስት ሳህን መክሰስ፣ አንድ ጆግ ውሃና ወረቀት አለ። «የትኛው ይጣፍጣል? የትኛው ጨው በዝቶበታል?» ይላል ወረቀቱ። «የፈለጋችሁትን ያህል ቅመሱ» ተብላችኋል። እናንተ ለጣዕሙ ነጥብ ስትሰጡ፣ ሳህኖቹ ከመግባታቸው በፊት ተመዝነዋል። ስትወጡም እንደገና ይመዘናሉ። ጥያቄው ስለ ጣዕም ይመስላል፤ የሚለካው ግን ስንት እንደበላችሁ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ወይ እጁን ይሰበስባል ወይ «ይፈልጉታል» ብሎ ያጋብሳል። ማርቲን ኦርን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳሰበው ይህንኑ ነው፦ ተሳታፊ የጥናቱን ዓላማ ለመገመት ይሞክራል፣ ከዚያ ግምቱን እውነት ለማድረግ ይረዳል።

ግምት ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርላት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ሥራ ያሳያል። ለአንዳንዱ ሰው ቮድካ የተቀላቀለበት ቶኒክ፣ ለአንዳንዱ ቶኒክ ብቻ ሰጡ። በየቡድኑ ግማሹ «አልኮል አለበት»፣ ግማሹ «የለበትም» ተባለ። ብዙ የጠጡት አልኮል አለበት ብለው ያመኑት ናቸው። በብርጭቆው ውስጥ የነበረው ነገር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። አልኮል ከምግብ በፊት ሲወሰድ ብዙ ሰው የበለጠ እንዲበላ ያደርጋል የሚለውን ለመፈተንም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማሉ። አልኮል ራሱ በግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ሰው ግን ያንን ካሎሪ ከምግቡ ላይ ብዙም አይቀንስም።

እንግዲህ «ይሄ የውሸት መጠጥ ነው» ብላችሁ ብትጠረጥሩ መርማሪ አትሁኑ። እንደተሰማችሁ ሁኑ። መጨረሻ ላይ «ጥናቱ ስለ ምን ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቋችኋል፣ ጥርጣሬያችሁን ያኔ አፍርጡት። አንዳንዱ «እንዳላሳፍራቸው» ብሎ ያንንም ይደብቃል!

ገንዘብ ስለተቀበሉ መውጣት የማይቻል መምሰል

ይቻላል። በመካከልም፣ ያለ ምክንያትም። ክፍያው ለሰጣችሁት ጊዜ ነው፤ ከወጣችሁ ምን ያህል እንደሚከፈላችሁ ፎርሙ ላይ መኖር አለበት። በአንድ ሳምንት ሁለት የመጠጥ ጥናት ላይ መግባትና ለሁለቱም አለመናገር ግን አይገባም።

ማብራሪያውን ሳይሰሙ መሄድ

ሲያልቅ ተመራማሪው ቁጭ ብሎ እውነተኛውን ዓላማ ይነግራችኋል፤ ምን ተደብቆ እንደነበር፣ ለምን። ሰው ይሄኔ ጃኬቱን ለብሷል። ቆዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ 10 ጥያቄ የመጠጥ መጠይቅ ከሞላችሁ ነጥባችሁን ጠይቁ። ከ40 የሚያዝ ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ መጠጡ ጉዳት ወደሚያመጣ ደረጃ መድረሱን ይጠቁማል። ምርመራ አይደለም፣ ተመራማሪውም ሐኪማችሁ አይደለም። ነጥቡ ካስደነገጣችሁ ወዴት መሄድ እንደምትችሉ እዚያው ጠይቁ፤ ደህና ጥናት የሚሰጠው ስልክ ቁጥር አለው።

የተደበቀው ነገር ካስቆጣችሁም መረጃችሁ እንዲሰረዝ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህ ግን ጊዜ አለው። መልሶቻችሁ የሚቀመጡት በስም ሳይሆን በኮድ ነው፤ ስምና ኮድን የሚያገናኘው ዝርዝር ከጠፋ በኋላ የእናንተን ወረቀት ከሌላው የሚለየው የለም። ዝርዝሩ የሚጠፋበትን ቀን ጠይቃችሁ ጻፉት።