የመኪናው የሙቀት ጌጅ ከታች አልነሳ፣ ሂተሩም ለብ ብቻ ሲል

የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ያላየ ካለ ሞተሩ ሳይነሳ በጠዋት ይይ። ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ሂተሩ ነው። በሞቀ ሞተር ላይ ክዳን እንዳትከፍቱ፤ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

ጌጁ መሃል ላይ ቆሞ ሂተሩ ብቻ ካልሞቀ፣ ወደ ካቢን የሚገቡትን ሁለቱን ቀጫጭን ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች) ንኩ። ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ ችግሩ የአየር መዝጊያው ወይም ገመዱ ነው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ወይ የሂተሩ ቧንቧ ተዘግቷል፣ ወይ የሂተሯ ራዲያተር በዝገት ተደፍናለች። የቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው መጨረሻው ይሄ ነው። ጌጁ ከታች ሆኖ ሂተሩ በደንብ ከሞቀ ደግሞ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን እዩ።

ጌጁም ከታች፣ ሂተሩም ለብ ከሆነ ግን ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው፣ ሲሞቅ የሚከፍተው ዕቃ። ከአሥር መኪና ዘጠኙ ላይ የማገኘው እሱን ነው። ሌላም ምልክት አለው። መንገድ ሲዘጋጋ ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል፣ መንገድ ሲከፈት ወይም ቁልቁለት ሲጀምር ተመልሶ ይወርዳል።

ለማረጋገጥ በጠዋት ሞተሩን አስነሱና የላይኛውን ትልቅ ማኒኮቶ ያዙ። ጤነኛ ቴርሞስታት ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆየዋል፣ ከዚያ በአንዴ ያግለዋል። ገና ከመነሻው ከሞተሩ ጋር እኩል ለብ እያለ ከመጣ፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ጭራሽ የለም። ቴርሞስታቱ ከታች በሆነባቸው መኪኖች የታችኛውን ያዙ። እጃችሁን ከፋኑ አርቁ፤ የኤሌክትሪክ ፋን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነሳው።

እኛ አገር «የለም» የሚለው ይበዛል። መኪናው አንድ ቀን ይፈላል፣ መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውልቆ ይጥላል፣ «ይሄ ለፈረንጅ አገር ነው» ይላል። ይሄ አባባል ያበሳጨኛል። ሞተር አዲስ አበባም ሆነ ስዊድን የሚፈልገው ሙቀት ያው ወደ 90 ዲግሪ ነው።

አንዲት እህት ኮሮላዋን ይዛ መጣች፤ ቤንዚን ትጠጣለች። ካንዴላ ተቀይሯል፣ ኢንጀክተር ታጥቧል፣ የኦክስጅን ሴንሰር በውድ ተገዝቷል። የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ቡሎን ፈታሁ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ዙሪያው የተለደፈ ሲሊኮን ብቻ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያስብ ነዳጅ ሲጨምር ነው የኖረው። የዘይቱን ክዳን ስከፍተው ከሥሩ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ዘይቱ ሳይሞቅ ሲቀር እርጥበቱ አይተንም። ብዙ የቶዮታ አውቶማቲኮችም ሞተሩ ካልሞቀ የመጨረሻውን ማርሽ አይሰጡም። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ካምቢዮ አስፈትቷል!

ሌላው ከደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሹፌር ነበር። በታኅሣሥ ብርድ ሂተሩን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ጋቢ ደርቦ ነው የሚነዳው። ቴርሞስታት ገባለት፤ በማግሥቱ ደውሎ «ጋቢውን አወለቅኩ» አለኝ።

ማውለቅ መፍላትን ያቆማል የሚለውም ሁሌ እውነት አይደለም። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጎኑ የማለፊያውን ቀዳዳ ይዘጋል። ሲወልቅ ቀዳዳው ክፍት ስለሚቀር የተወሰነው ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዞ የዋለ ሚኒባስ ጭኖ ዳገት ላይ ሲፈላ ያየሁት በዚህ ነው።

አዲስ ስትገዙ ርካሹን አትመኑ። ስፕሪንጉ የላላ፣ በሳምንቱ ተከፍቶ የሚቀር አይቻለሁ። ከመግጠማችሁ በፊት በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ አፍሉት። 82 የሚል ከተጻፈበት እዚያ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም ብላችሁ ደህናውን ዕቃ እንዳትመልሱ። ከውሃው አውጥታችሁ ሲቀዘቅዝ ግጥም ብሎ መዘጋቱን እዩ።

ስትገጥሙ የምትንቀሳቀሰው ትንሿ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) አዲስ ይሁን። ሲሊኮን አትለድፉ፣ ተቆርሶ ሂተሯን ይደፍናል። ከዚያ ኩላንት ሙሉ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሱና አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ። የፈሰሰውን ኩላንት እጠቡት፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ውሻ ይልሰዋል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ መኪናው መልሶ ከፈላ ቴርሞስታቱን እንዳታስወልቁ። መጀመሪያውኑ ያፈላው ራዲያተሩ፣ ፋኑ፣ የውሃ ፖምፓው ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነበር ማለት ነው፤ አሁን እሱን ፈልጉ።