ጳውሎስን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

“ሳውል ክርስቲያን ሲሆን ስሙ ጳውሎስ ተባለ” ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እስቲ የሐዋርያት ሥራን ገልጣችሁ እዩ። የደማስቆው ብርሃን ምዕራፍ 9 ላይ ነው፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላም ሳውል እየተባለ ይቀጥላል። ምዕራፍ 13 ላይ ቆጵሮስ ሲደርስ ነው “ጳውሎስ የተባለው ሳውል” የምናገኘው። አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ስም ያለው፤ አንዱ የዕብራይስጥ፣ ሌላው የሮማውያን።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ይከፋል፦ “የአይሁድን ሃይማኖት ጥሎ ወጣ” ማለት። ጳውሎስ ራሱ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ እግዚአብሔር ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ እንደለየው ይናገራል። ይህ የኤርምያስ ቋንቋ ነው፤ ኤርምያስም ከማኅፀን ሳይወጣ “ለአሕዛብ ነቢይ” እንዲሆን ተለይቷል። ጳውሎስ ወደ አሕዛብ የሄደው አይሁዳዊነቱን ትቶ ሳይሆን የነቢያቱን ጥሪ ይዞ ነው።

ምኩራብን ርግፍ አድርጎ እንደተወ የሚያስቡም አሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ 2ኛ ቆሮንቶስ 11፥24 ነው፦ አንድ ሲጎድል አርባ ግርፋት፣ አምስት ጊዜ። ኦሪት ዘዳግም ከአርባ እንዳያልፍ ስለሚከለክል፣ በቆጠራ ስህተት ሕጉ እንዳይፈርስ 39 ላይ ያቆሙ ነበር። ይህ ምኩራብ የራሱን ሰው የሚቀጣበት ቅጣት ነው። “ከእናንተ ወገን አይደለሁም” ብሎ መሄድ የሚችል ሰው አምስት ጊዜ ጀርባውን ሰጠ። 195 ግርፋት! ወገኑን የካደ ሰው ይህን አይሸከምም።

ግዝረትን ይጠላ ነበር ማለትም አያስኬድም። እናቱ አይሁዳዊት የሆነችውን ጢሞቴዎስን ገርዞታል፤ ግሪካዊው ቲቶ ግን እንዲገረዝ አልተገደደም። የገላትያ መልእክት የሚሟገተው ከአሕዛብ የመጡትን “ካልተገረዛችሁ አትድኑም” ከሚሉት ጋር ነው። ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን በምንገርዝበት አገር ይህን ልዩነት ማወቅ በተለይ ያስፈልገናል፤ አለዚያ መልእክቱ እናቶቻችንን የሚከስ ይመስለናል።

“እግዚአብሔር እስራኤልን ጣለ” ለሚል ሮሜ 11ን ማንበብ ይበቃል። በእስራኤል ወይራ ላይ የተጣበቀው የዱር ወይራ ከአሕዛብ የመጣነው እኛ ነን፤ ሥሩ የእነርሱ ነው። “አይሁድ” የሚለውን ቃል መስደቢያ ያደረገ ሰባኪ ይህን ምዕራፍ ዘሎታል።

የመጨረሻው ስህተት ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ላይ የተያዘው መቅደሱን ስለናቀ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በመቅደሱ አጥር ላይ፣ አልፎ የገባ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ለሞቱ ተጠያቂው ራሱ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ የግሪክኛ ጽሑፍ ነበር፤ ድንጋዩ በ1871 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ጳውሎስን የያዙት ሰዎች ከአሕዛብ ወገን የሆነውን የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን ከጳውሎስ ጋር ከተማ ውስጥ አይተውት ስለነበር ከዚያ አጥር ወደ ውስጥ ያስገባው መሰላቸው። ጳውሎስ ግን በዚያች ሰዓት ስእለት ላለባቸው አራት አይሁድ ወጪያቸውን ችሎ፣ አብሯቸው ነጽቶ መቅደሱ ውስጥ ነበር።